ፊት ሲበልዝ፦ እጅ ይሰብሰብ፣ ዓይን ይንቃ



ትምህርት ቤቶች በተከፈቱበት በዚህ ሰሞን «ስለ ጤና አንድ ነገር ንገረን» ብላችሁ ስትጠሩኝ ርዕሱን ለእኔ ተዋችሁት። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ወባ መናገር ይቻል ነበር፤ እነሱ ግን ብዙ ተናጋሪ አላቸው። እኔ የመረጥኩት መድረክ የማይሰጠውን፣ በየቤታችን ግን ሳይጠራ የሚገባውን ጉዳይ ነው፦ ፊት ላይ የሚያርፍ ቀላል ምት። ቆዳው ሳይቀደድ የሚያብጠውን፣ ደም የሚቋጥረውን፣ በማግስቱ የሚበልዘውን ማለቴ ነው።

የማይገጥመው ሰው የለም። ከተማችን ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ ለሳይክል ትመቻለች፤ ልጆቻችን ከሳይክል ወድቀው ጉንጫቸው አብጦ ይመጣሉ። ባጃጅ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ፊቱ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ብረት ጋር ይጋጫል። በሰፈር ኳስ ሁለት ወጣቶች አንድ ኳስ በቴስታ ሊመቱ ይዘላሉ፤ ኳሱ ያልፋል፣ ግንባርና ቅንድብ ይገናኛሉ። መብራት በጠፋበት ሌሊት የቁም ሣጥን በር የሚጠብቀንም አለን።

የዛሬው ንግግሬ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ፊት ሲመታ እጅ ይሰብሰብ፣ ዓይን ይንቃ። የበለዘ ፊት ከእኛ የሚፈልገው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን የምናባብሰው እኛው ነን፤ እናሻለን፣ እንቀባለን፣ አንዳንዴም እንበጣለን። እጃችን እንዲህ ሲበረታ ደግሞ ዓይናችን ይሰንፋል። የጠቆረችውን ቦታ እያየን ከሥሯ ያለውን አጥንት፣ ከጎኗ ያለውን ዓይን፣ ከኋላዋ ያለውን አንጎል ሳናይ እናልፋለን።

በአምስት ነጥቦች እሄዳለሁ። አንደኛ፣ ከቆዳው ሥር ምን ይሆናል? ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ሦስተኛ፣ ምን አናድርግ? አራተኛ፣ መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ? አምስተኛ፣ ያ ምት ከየት መጣ? ብዙዎቻችን የመጨረሻውን ጥያቄ መጠየቅ እንፈራለን፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ፦ ከቆዳው ሥር የሚሆነው።

ፊታችን በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ምት ሲያርፍበት እነዚህ ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ቆዳው ካልተቀደደ ደሙ መውጫ ስለሌለው ከሥር ይቋጠራል። ፊት ከሌላው አካላችን ይልቅ ቶሎ የሚያብጠው አንድም በደም ሥሩ ብዛት፣ አንድም በዓይን ዙሪያ ያለው ቆዳ ስስና ልል በመሆኑ ነው። ግንባሩ ላይ ትንሽ ጉብታ ይዞ የተኛ ልጅ ጠዋት አንድ ዓይኑ አብጦ መከፈት ሲያቅተው እናት የምትደነግጠው ለዚህ ነው። «ዓይኑን እኮ አልተመታም ነበር!» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ደሙና ፈሳሹ በራሱ ክብደት ከግንባር ወደ ታች ወርዶ በልሉ ቆዳ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውነታችን የጽዳት ሥራ ይጀምራል። የፈሰሰውን ደም ይሰባብረዋል፣ ጥቂት በጥቂት ያነሣዋል። ቀለሙ የሚለዋወጠው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ይቀላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ወደ ወይን ጠጅና ጥቁር ይለወጣል፤ ሳምንት ገደማ ሲሆነው አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫና ቡናማ ይመስላል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ ይጠፋል። አረንጓዴና ቢጫ ማለቱ መመረዙ አይደለም፣ ጽዳቱ እየተካሄደ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ የቀለም ዝርዝር ባብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ ታይቶ የተጻፈ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ቢጫና አረንጓዴውም ይደበቃል። ጥቁር ቆዳ ያለው ልጅ ጉንጩን ክፉኛ ተመትቶ «ምንም አልሆነም» የሚባለው ስላልታየን ነው። ስለዚህ በቀን ብርሃን አቁሙትና የፊቱን ሁለት ጎን አስተያዩ። አንዱ ጉንጭ ከሌላው ወጣ ብሏል? ከዚያ በጣታችሁ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት፤ ይሞቃል? ጠጠር ብሏል? ሲነካ ያመዋል? በእኛ ቆዳ ላይ ከቀለሙ ይልቅ እብጠቱና ሕመሙ ይናገራሉ።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ አስቀምጡት። የተመታ ሰው ሊያዞረው ስለሚችል ቆሞ እንዲወቀስ ወይም እንዲመረመር አታድርጉት። አነጋግሩት፦ ስምህ ማነው? የት ነው ያለኸው? ምን ሆንክ? በትክክል ከመለሰ ግማሹን ፍርሃት አራግፋችኋል። ቆዳው ከተገሸለጠ በንጹሕ የቧንቧ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ከሐይቁ ዳር ብትሆኑም የሐይቁን ውሃ በተከፈተ ቁስል ላይ አታፍስሱ። ከደማ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ሙሉ ሳትገልጡ ተጫኑት። ቁስሉ ከተከፈተ፣ ጠርዞቹ ካልገጠሙ፣ ስፌት ይፈልጋልና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ። ቀዝቃዛ ነገር የተበጠሱትን ሥሮች ያጠብባል፣ የሚፈሰውን ደም ይቀንሳል፣ ሕመምንም ያደነዝዛል። ከሁሉ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ነገ ከሚደረግ ብዙ ዛሬ የሚደረግ ጥቂት ይበልጣል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙ፣ አንሱ፣ አንድ ሰዓት ያህል አሳርፉና ድገሙ። በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው ቀን እንዲህ አራት አምስት ጊዜ ብታደርጉ ይበቃል።

«በረዶ ከየት እናመጣለን?» የምትሉ አላችሁ። ፍሪጅ ያለው ቤት ሃይላንድ በውሃ ሞልቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቢያስቀምጥ በቂ ነው። ፍሪጅ የሌለው ከሱቅ ቀዝቃዛ ለስላሳ በጠርሙስ ይግዛ፤ ሕመሙ ሲበርድ ልጁ ይጠጣዋል። እሱም ካልተገኘ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጭመቁ፣ ሲሞቅ መልሳችሁ ንከሩ። የቀዘቀዘ ማንኪያም ለጊዜው ይሠራል። ልትረሱት የማይገባው ደንብ አንድ ነው፦ በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይቀመጥም። በጨርቅ ይጠቅለል፤ አለዚያ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ቦታው ዓይን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ቅዝቃዜው አጥንቱ ላይ ይረፍ፤ የዓይኑን ኳስ አትጫኑ።

ሦስተኛው ነገር፣ ራስ ከፍ ይበል። ሁለት ሦስት ሌሊት በተጨማሪ ትራስ ይተኛ፤ ጠዋት የሚታየው እብጠት ያንሳል። ተጎንብሶ መሥራት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ኳስ መጫወት ለጥቂት ቀናት ይቅር።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳይበልጥ። ጉበቱን የሚያመው ወይም አዘውትሮ መጠጥ የሚጠጣ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። የልጅ መጠን በክብደቱ ስለሚሰላ ከፋርማሲ ባለሙያ ሳትጠይቁ አትስጡ።

ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ፣ እብጠቱ መጨመሩን ሲያቆም፣ ተራው የሙቀት ነው። በለብታ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ሙቀት የደም ዝውውሩን ስለሚያበረታ የተቋጠረው ደም ቶሎ ይነሣል። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለብታ። ከተገለባበጠ በመጀመሪያው ቀን የተደረገው ሙቀት እብጠቱን ይጨምረዋል። ቦታው ጠቁሮ እንዳይቀር ደግሞ ከቀትር ፀሐይ በባርኔጣ ወይም በነጠላ ከልሉት።

ይኸው ነው። ቅዝቃዜ፣ ትራስ፣ ፓራሲታሞል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለብታ፣ ከዚያ ትዕግሥት። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ቀላል ምት የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፦ ምን አናድርግ? እዚህ ላይ እጅ ይሰብሰብ። አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ፤ የበለዘ ፊትም ከአያያዝ ይከፋል።

አንደኛ፣ አትሹት። ቅቤ ቀብቶ ደሙን «መበተን» በየቤቱ የተለመደ ነው። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን የተበጠሰው ሥር ለመደፈን ሰዓታት ይፈልጋል፣ እኛ ስናሸው መልሰን እንከፍተዋለን። ደሙ ይበተናል ያልነው ይጨምራል። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ሐኪም በሌለበት ብዙ ሰው አንሥተዋል። ቢሆንም ትኩስ የፊት ምት የመታሸት ቦታ አይደለም፤ ከሥሩ የተሰነጠቀ አጥንት ካለ ደግሞ ማሸት ያንሸራትተዋል። ቅቤው ለቡርሳሜ ይቀመጥ፤ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ ዕለት፣ ሁላችንም እንፈልገዋለን።

ሁለተኛ፣ አትብጡት። «የረጋ ደም ነው፣ ይውጣ» ተብሎ በምላጭ ቅንድብን ወይም ጉንጭን መብጣት፣ ዋግምት ማድረግ ዛሬም የቀረ ነገር አይደለም። የበለዘ ቦታ ደሙ በሕብረ ሕዋሱ መካከል ተሠራጭቶ ስለሚገኝ በምላጭ አይወጣም። ምላጩ የሚተወው ጠባሳ ነው፤ ሲከፋም መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም ኤች አይ ቪ ይዞ ይገባል። ሳይቀደድ የቀረው ቆዳ የልጁ ጋሻ ነበር፤ ጋሻውን በገዛ እጃችን አንቅደድ።

ሦስተኛ፣ የወጥ ቤቱን ሁሉ አትቀቡት። ፌጦ ቆዳን ይለበልባል። የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ነው። ጨው የተገሸለጠ ቆዳን ያቃጥላል። ዓይን አጠገብ ሲሆን ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው፤ ማታ የተቀባው ሌሊት ዓይን ውስጥ ይገባል።

አራተኛ፣ መድኃኒት ምረጡ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ደም የመርጋት አቅሙን ይቀንሳሉ፣ ትኩስ ምት ላይ መበለዙን ሊያሰፉት ይችላሉ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው አድቪልም አይቡፕሮፌን ነው። አስፕሪን ለልጅና ለጎረምሳ ጭራሽ አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ያመጣባቸዋል። በአንጻሩ ለልብ ሕመም ሐኪም ያዘዘለትን አስፕሪን በየቀኑ የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ሐኪሙን ያማክር።

አምስተኛ፣ በተለይ ለወጣት ሴቶቻችን፦ ጠቁሮ የቀረውን ቦታ ለማጥፋት ከገበያ በተገዛ የፊት ማቅያ አትጣደፉ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፤ የሳሳ ቆዳ ደግሞ በትንሽ ምት ይበልዛል። አጠፋለሁ ብለን ለቀጣዩ እናመቻቻለን ማለት ነው።

እንግዲህ እጃችንን ሰበሰብን። አሁን ዓይናችንን እናንቃ። አራተኛው ነጥብ፦ መቼ ከቤት እንውጣ?

ከራስ ቅል እስከ አገጭ አብረን እንውረድ።

ከራስ እንጀምር። ሲመታ ራሱን ስቶ ነበር? ለደቂቃም ቢሆን? ደጋግሞ ያስታውካል? ራስ ምታቱ እየባሰ ይሄዳል? ይደናገራል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ያንቀጠቅጠዋል? እንቅልፍ ይዞት መቀስቀስ ያስቸግራል? ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ የመሰለ ንጹሕ ፈሳሽ ይወርዳል? ከከባድ ምት በኋላ ሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያ ጠቆረ? ከጆሮው ጀርባ በለዘ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ጉዳዩ የፊት ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል፤ የአንጎልና የራስ ቅል ጉዳይ ነው። ሳትዘገዩ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም በለመድነው አጠራር ወደ «ሪፈራል»፣ ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂዱ።

ስለ እንቅልፍ ሁሌ ስለምጠየቅ እዚህ ላይ ልመልስ። «ራሱን የተመታ ልጅ አይተኛ» ይባላል። ልጁ በደንብ ካወራ፣ ከሄደ፣ ካወቃችሁና ከዘረዘርኳቸው ምልክቶች አንዱም ከሌለው ይተኛ፤ የያዘው የወትሮው እንቅልፍ ነው። ብቻውን ግን አይደር። በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሁለቴ ቀስቅሱት፤ ከነቃና ካወቃችሁ መልሱት። ለ24 ሰዓት ያህል ከጎኑ አንድ አዋቂ አይጥፋ።

ዓይን። እይታው ደብዝዟል? አንዱ ሁለት ሆኖ ይታየዋል? ዓይኑን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ማዞር አቃተው? የሁለቱ ዓይኖች ብሌን መጠን ተለያየ? በዓይኑ ጥቁር ክፍል ፊት ደም ተቋጠረ? ይህ ሁሉ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይፈልጋል። ዓይኑ በእብጠት ከተዘጋም በግድ ፈልቅቃችሁ አትክፈቱ። ከዓይኑ ሥር ያለው ጉንጭና የላይኛው ከንፈር ከደነዘዘ ደግሞ አጥንት ተሰንጥቆ ነርቩን ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም እስኪያየው አፍንጫውን አይናፈጥ።

አፍንጫ። ደም እየፈሰሰ ከሆነ ወደፊት ጎንበስ ይበል፤ ቀና ብሎ ደም አይዋጥ። ለስላሳውን ክፍል 10 ደቂቃ ሙሉ ጨምቁ። ካቆመ በኋላ ግን በባትሪ ውስጡን ተመልከቱ። በመካከለኛው ግድግዳ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው እብጠት ካለና ልጁ በአፍንጫው መተንፈስ ካቃተው ደም ተቋጥሮበታል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቶሎ ካልተቀዳ ግድግዳው ደም አጥቶ ይሞታል፣ አፍንጫው ይሰረጉዳል። ነገ አትበሉ፤ የዚያኑ ቀን ሂዱ።

መንጋጋና ጥርስ። «ንከስ» በሉት። ጥርሶቹ እንደ ወትሮው ካልገጠሙ፣ አፉን መክፈት ካቃተው መንጋጋው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። የአዋቂ ጥርስ ከሥሩ ተነቅሎ ከወደቀ አትጣሉት። ነጩን ጫፍ ይዛችሁ፣ ሥሩን ሳትነኩ፣ ሳትፈገፍጉ ወተት ውስጥ ጨምሩትና በአንድ ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ድረሱ፤ ተመልሶ ሊተከል ይችላል። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

በመጨረሻ ሰውየው ራሱ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የጉበት ሕመም ያለበት፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ፊቱን ሲመታ ቀላል ቢመስልም ሐኪም ይየው። ምንም ሳይነካው ፊቱና አካሉ የሚበልዝ፣ ድዱ የሚደማ ሰው ደግሞ በቤት ሕክምና አይቆይ፤ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። እብጠቱ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣም እንዲሁ።

የሰፈር ቡድን አሠልጣኞች እዚህ እንዳላችሁ አያለሁ። በሀዋሳ ከተማና በሲዳማ ቡና ደጋፊነት ልትለያዩ ትችላላችሁ፤ በዚህ ግን አትለያዩ። ራሱን ተመትቶ የተደናገረ ተጫዋች በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። የዓለም እግር ኳስ ደንብ አውጪዎች ራሱን ለተመታ ተጫዋች የሚሆን ተጨማሪ ቅያሪ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሙከራ ፈቀዱ፣ በ2024 ደግሞ በደንቡ ውስጥ አስገቡት። ስፖንጅ ይዞ የሚሮጠው ወጌሻ ፊቱን ከማራስ በፊት «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ይጠይቀው። ካላወቀ ይውጣ።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፦ ያ ምት ከየት መጣ?

አብዛኛው ከሳይክል፣ ከኳስ፣ ከበር ነው። ሁሉም ግን አይደለም። በዚህ አዳራሽ «በር መትቶኝ ነው» የሚለውን መልስ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ከበሩ ጀርባ ሰው እንዳለ እያወቅን ዝም ያልን ደግሞ እንኖራለን። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 34 በመቶው ከባል ወይም ከትዳር አጋር አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ሥነ ልቦናዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ፣ ሴቶች ግን 63 በመቶ ነበሩ። ቁጥሮቹን አስተያዩዋቸው። የተመታችው ራሷ «ይገባኛል» እያለች ከሆነ፣ ፊቷን አይተን ቅዝቃዜ ብቻ ይዘን መሄዳችን አይበቃም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ባሏ ወይም ቤተሰቧ ባሉበት አትጠይቋት። ለብቻዋ አድርጋችሁ፣ ሳትወቅሱ፣ «ቤት ውስጥ ደኅና ነሽ?» በሏት። መልሷን ሰምታችሁ ለሰፈር አታውሩ። ፎቶግራፍ ማንሣት ከፈለገች በየቀኑ በቀን ብርሃን ታንሣ፤ የበለዘ ቦታ በሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ማስረጃውም አብሮት ይጠፋል። ጤና ተቋም ሄዳ መታየቷና ጉዳቷ በካርድ መጻፉም ለዚሁ ይጠቅማል። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፦ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል። «የቤት ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ በሕግ ፊት ካበቃ ቆይቷል።

ልጆችንም በዚሁ ዓይን እንይ። የሚሮጥ ልጅ ሲወድቅ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ይመታል፤ ወጣ ወጣ ያሉት ቦታዎች እነሱ ናቸውና። የጆሮ መበለዝ፣ በጉንጭ ላይ የጣት ቅርጽ፣ የአንገት መበለዝ ግን ከመውደቅ እምብዛም አይመጣም። ገና ያልዳኸ ሕፃን ፊቱ ላይ ከበለዘ ደግሞ ምልክቷ ምንም ያህል ትንሽ ብትሆን ሐኪም ይየው፤ ራሱን ችሎ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ራሱን አይመታም። መምህራን ሆይ፣ ይህን ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ልጁ ቤት ውስጥ ማን መታው ብለን ከመጠየቃችን በፊት በክፍላችን በጥፊ የተመታ ልጅ አለመኖሩን እናረጋግጥ።

ወገኖቼ፣ ነጥቦቼን ጨርሻለሁ። በቤት የሚደረገው ጥቂት ነው፤ እጅ ይሰብሰብ። የሚታየው ግን ብዙ ነው፤ ዓይን ይንቃ።

ከመሰናበቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ፍሪጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ አንድ ሃይላንድ ውሃ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጡ፤ ጎረቤት ሲያንኳኳ እንድትሰጡ። ትምህርት ቤቶች የአደጋ ምልክቶቹን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በመምህራን ክፍልና በስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ ለጥፉ። ወላጆች ደግሞ ሌሊት ስትደውሉለት የሚመጣ አንድ የታመነ የባጃጅ ሾፌር ስልክ ያዙ፤ ማን ከልጁ ጋር እንደሚሄድ፣ ማን ከሌሎቹ ጋር ቤት እንደሚቀር ከአሁኑ ተነጋገሩ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ልጅ ሲያስታውክ ምክር የሚጀመርበት ጊዜ አይደለም።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በሰው ፊት የማይጠየቅ ጥያቄ ያለው ደግሞ ስንጨርስ ከበሩ በስተቀኝ ያገኘኛል።